መብራት ላይ የምትጠፋው መኪና

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ሲደባደብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጎረቤት ጠብ ሌላ ነው፤ ሰው ይገባበታል፣ ይበርዳል፣ ነገ ሰላም ይባባላሉ። የወንድማማች ጠብ ግን፣ እግዜር ከደጃችሁ ያርቀው፣ የት ጋ ቢመታ የት ጋ እንደሚያመው እየተዋወቁ የሚማቱት ስለሆነ ክፉ ነው። አንድ ጡት የጠቡ ናቸው፤ አንዱ የአንዱን ቁስል ያውቀዋል። የነዚህኞቹ ደም ደግሞ የፈሰሰው በመሬት አይደለም፣ በሴት አይደለም። የአውራ ጣት ጥፍር በማታህል ብሎን ነው።

ታላቅየውን ሰው ሁሉ ጆሮው ይለዋል። መካኒክ ነው። ጆሮው ትልቅ ሆኖ አይደለም፤ ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ኑዛዜ እንደሚቀበል ቄስ ስለሚቆም ነው። «ካንዴላዋ ነች» ካለ ካንዴላዋ ነች። «ቺንጊያዋ ላልቷል» ካለ ላልቷል። ይኼ ነገር ትንሽ አስታብዮታል። ታናሽየው ቁንጫ ይባላል፤ ትንሽዬ፣ ፈጣን፣ ነካ አድርጎ ዘወር የሚል፣ ምላሱ ግን ሳይናከስ የማያልፍ። እሱም መካኒክ ነው። በመሀላቸው አንዲት እህት አለቻቸው። ባሏ ታክሲ ነጂ ነው፤ ሳቂታው ይሉታል። ጥርስ ብቻ ነው ሰውየው፤ ቢሰድቡትም ይስቃል፣ ቢያመሰግኑትም ይስቃል።

ጋራዡ የአባታቸው ነበር። አባትየው ሲያርፍ ሁለቱ አብረው ይሠሩ ጀመር። አንድ ቀን ግን ጆሮው ደንበኞች ፊት ቁንጫን በጥፊ አጮለው። ለምን እንደመታው ዛሬ ብትጠይቋቸው ሁለቱ ሁለት ነገር ይነግሯችኋል። ቁንጫ ጉንጩን ይዞ «ተባረክ ጋሼ» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ግቢው ዳር ሄደ። ጆሮውን ይኼ «ተባረክ» ያለው ከስድብ የባሰ ከነከነው፤ በማግስቱ ቆርቆሮ አመጣና ግቢውን መሀል ለመሀል ከፈለው። ሚስማር ሲመታ የገዛ አውራ ጣቱን ቀጠቀጠና ያንንም በወንድሙ ላይ ቆጠረበት። ከዚያ ወዲያ የአንዱን ሳል አንዱ እየሰማ፣ ለየብቻቸው ይሠሩ ነበር። ጆሮው ጠዋት ጠዋት ሳይጸልይ ሥራ አይጀምርም፤ ይጸልያል እንጂ ከቆርቆሮው ወዲያ ያለውን ስም አይጠራም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እንዲህ ያለውን ጸሎት እግዜር የት እንደሚያስቀምጠው እሱ ያውቃል።

ሳቂታው ታክሲውን ይዞ የመጣው ወደ ታላቅየው ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ጉደኛ መብራት ላይ እየጠፋች አሰደበችኝ።»

«ስትሄድ?»

«ኧረ ስትሄድስ ፈረስ ናት! ቆሜ አረንጓዴ ስጠብቅ ነው። ትንቀጠቀጥ ትንቀጠቀጥና እፍ! ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩምባውን ነፍቶ እናቴን ይሰድባታል። እናቴ ምን አደረገች እስቲ?»

«ውረድ። ቁልፉን ወዲህ በል።»

መኪና ቆማ፣ ማንም ነዳጅ ሳይረግጥባት፣ እንዳትጠፋ ብቻ የምትተነፍሳት ትንሽ ትንፋሽ አለች። መካኒኮች ሚኒሞ ይሏታል። ካነሰች መኪናዋ ትጠፋለች፣ ከበዛች ታጓራለች። ጆሮው ሞተሩን አስነሳ፣ ወረደ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ዓይኑን ጨፈነ። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይዘፍናል።

«ምንም የላት። ሚኒሞዋ ትንሽ ወርዶ ነው» አለና ብሎኗን በካቻቢቴ ቆንጠጥ አድርጎ አዞራት። ከዚያ ከሚስቱ የወሰዳትን ቀይ የጥፍር ቀለም አወጣና ብሎኗ ራስ ላይ ጠብ አደረገ። ይኼ የእሱ ማኅተም ነው። ያስተካከላትን ብሎን ሁሉ ይቀባታል፤ ሌላ እጅ ከነካት ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ያውቃል።

«ጥፍሯን ቀብተህ ዳርካት እኮ» አለ ሳቂታው፣ ሳቀ፣ ሄደ።

ተመለሰ። አሁንም መብራት ላይ ጠፋች። ጆሮው ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ብሎ በካርቡራቶሩ ሥር ዙሪያውን ቤንዚን ጠብ ጠብ አድርጎ አዳመጠ። ስንጥቅ ካለ ሞተሩ ቤንዚኑን ስቦ ድምፁ ይቀየራል። አልተቀየረም። ሚኒሞዋን ጨመር፣ ቀለም ጠብ። ተመለሰ። ጨመር፣ ጠብ። በመጨረሻ መኪናዋ መጥፋቱን ተወች፤ ግን ቆማ እንኳን እንደተቆጣ ሰው ታጓራ ጀመር። ተሳፋሪ በሩን ሲከፍት «ሹፌር፣ ወዴት ነው የምትበረው?» ይለዋል። ሳቂታው አፈረ። ታላቁን ደግሞ መጋፈጥ አልቻለም፤ ስለዚህ ጆሮው ዕቃ ሊገዛ በወጣበት ሰዓት ከቆርቆሮው ወዲያ ባለው በር ገባ። ቁንጫ ሰማትና ሳቀ፣ ቀዩን ቀለም በካቻቢቴው ጫፍ ፍቆ ሚኒሞዋን ወደ ነበረችበት አወረዳት። እሱም ኮፈኑ ሥር ብቻውን ቆሞ ነው ያዳመጣት። እሱም ስፌት መኪና ነው የሰማው።

በዚያው ሳምንት ሳቂታው ገበያው ጋ ያለውን ቁልቁለት ይወርዳል። ቀትር ነው፤ መንገዱ ሰው በሰው ነው። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ቅርጫቷን ተሸክማ ልትሻገር ስትገባ ፍሬን ያዘ። ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ፍሬኑም ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ ወይ ፍንክች። መኪናዋ ስትሄድ እንደነበረው ሄደች፤ ሴትየዋን ከጉልበቷ በታች መታቻት፣ አጥንቷ ሲሰበር ሽንኩርቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ይዘገንነዋል።

ሕዝቡ አልጠየቀም። ሕዝብ መቼ ጠይቆ ያውቃል? «አይቷት ነው የመጣው! ፍሬን እንኳን አልያዘም!» አለ አንዱ፤ በቃ። በመስኮት ጎትተው አወጡት። መስታወቱ ሆዱን ተለተለው። አንዱ በካልቾ፣ አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ የገበያ መደብ እግር ነቅሎ በጣውላ። «ያዝኩ! ያዝኩ!» ለማለት አፉን ሲከፍት ጣውላው መንጋጋው ላይ አረፈና ሁለት ቦታ ሰበረው። ያ የሳቂታው ጥርስ አስፋልቱ ላይ ከሽንኩርቱ ጋር ተበተነ። ትራፊክ ፖሊሱ ደርሶ ወደ ሰማይ ባይተኩስ ኖሮ እዚያው ይቀር ነበር። ሐኪሞቹ መንጋጋውን በሽቦ ሰፉት። መናገር የለም፤ እጁም ጣቱም በጀሶ ታሽጓል፣ መጻፍም የለም።

እህትየው ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ጆሮውን በሸሚዙ ጨምድዳ ያዘችው።

«ጋሼ፣ ትራፊኩ መኪናዋን ማን እንደነካካት ጠይቆኛል። ነገ ጠዋት ንገሪኝ ብሏል። ተጠያቂ ነው የሚሆነው አለኝ። የማን እጅ ነው?»

«እኔ ስሠራት ጤነኛ ነበረች።»

«የማን እጅ ነው አልኩህ! ወንድሜም ቢሆን አሳስረዋለሁ። ያንን እጅ ሳላየው ውኃ በጉሮሮዬ አይወርድም።»

«አምጥቼ እግርሽ ሥር እጥልልሻለሁ» አለ ጆሮው። ማለ እኮ፤ በአባቱ አፅም ማለ።

መኪናዋን ትራፊኮቹ አይተዋት ስለጨረሱ ከሰዓት ላይ በገመድ ተጎትታ ጋራዡ ገባች። አንድ መብራቷ ወጥቷል፣ የግራ ክንፏ ታጥፏል፣ ወንበሯ ላይ ደም ደርቋል፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው። ጆሮው ኮፈኑን ከፈተና መጀመሪያ ያየው ብሎኗን ነው። ቀዩ ቀለም ተፍቋል። ሞተሩን አስነሳ፤ ዝቅ ብሎ ተነሳ። እሱ ከተዋት በታች፣ በጣም በታች። ደሙ ወደ ራሱ ሲወጣ ተሰማው። በዚህ ከተማ ያንን ቀለም ማኅተም መሆኑን እያወቀ የሚፍቅ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

ሞተሩን ሳያጠፋ የጎማ መፍቻውን አነሳ። በበሩ ዞሮ መሄድ ረዘመበት። ቆርቆሮውን በእግሩ መታው፤ ሚስማሩ ተነቅሎ ቆርቆሮው ጓጓጓ ብሎ ወደቀ።

ቁንጫ ዱካ ላይ ተቀምጦ ካንዴላ በብሩሽ ይፈትጋል። ቀና አለ።

«በር አለኝ እኮ ጋሼ።»

«ቀለሜን የፋቀው ማነው?»

«የምን ቀለም?»

«ብሎኗን ማን ነካት!»

«እኔ ነኝ። አውሮፕላን አድርገሃት መጣ፤ ምን ላድርግለት ታዲያ፣ ክንፍ ልግጠምለት?»

መፍቻው በአየር ላይ ሲዞር ፉጨት ነበረው። ቁንጫ እንደ ስሙ ዘለለ፤ መፍቻው ከኋላው የቆመችውን የሌላ ሰው መኪና መስታወት አገኘና መስታወቱ እንደ በረዶ ወረደ። ጆሮው ሁለተኛ አላነሳውም፤ በቡጢ መጣ። የመጀመሪያው የቁንጫን ከንፈር ሰነጠቀ። ሁለተኛው ጎኑ ላይ ገባና ትንፋሹን ቀማው።

«አማችህን ገደልከው! እህትህን አሳበድካት! ና፣ ና ሥራህን እይ!»

በኮሌታው ይዞ በወደቀው ቆርቆሮ ላይ ጎተተው። የቆርቆሮው ጠርዝ የቁንጫን ጀርባ እንደ ምላጭ ከፈተው። ቁንጫም ዝም ብሎ አልተጎተተም። የታላቁን እጅ በጥርሱ ያዘ፤ ያዘና ነከሰ፤ አጥንት እስኪነካ። ጆሮው ጮኾ ሲለቀው ከመሬት የመዶሻ እጀታ አነሳና ቅንድቡ ላይ አሳረፈበት። ደሙ የጆሮውን አንድ ዓይን ደፈነው።

«አንተ!» አለ ቁንጫ። ታላቁን በዕድሜው አንተ ብሎት አያውቅም፤ ያን ቀን አለው። «አንተ ነህ የገደልከው! ከአባቴ ቤት በቆርቆሮ የከለልከኝ አንተ! ወንድም ትባላለህ አንተ? ሰው ፊት በጥፊ…»

አልጨረሰም። ጆሮው በጭንቅላቱ ሆዱ ውስጥ ገባ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው በያጅ ጩኸቱን ሰምቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ ሮጦ ገባ። «ኧረ በፈጠራችሁ! ግቢውን ቄራ አደረጋችሁት እኮ!» አለና መሀል ገባ። የማንኛቸው እንደሆነ ያልታወቀ ክርን አፍንጫው ላይ አረፈ። በያጁ አፍንጫውን ይዞ ወደኋላ አለ፤ «በቃ ተጋደሉ! አስታራቂን የምትመቱ ከሆነ እኔ ምን ቤት ነኝ?» ብሎ በሩ ጋ ቆመ፤ መሄድም ግን አልሄደም።

ይኼ ሁሉ ሲሆን የሳቂታው ታክሲ እዚያው ቆማ ቱር… ቱር… ቱር… ትላለች።

ጆሮው ወንድሙን አንስቶ ወደ እሷ አጋጨው። የነጂው በር ክፍት ነበር። ቁንጫ በጀርባው ወንበሩ ላይ ወደቀ፤ ጆሮው በላዩ። ሁለት አውራ ጣቶቹን የወንድሙ ጉሮሮ ላይ ሰካና ክብደቱን በሙሉ ለቀቀበት። ከተነከሰው እጁ የሚንጠባጠበው ደም የቁንጫ አገጭ ላይ ይፈስሳል። የቁንጫ ፊት ቀላ፣ ጠቆረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። እጁ የታላቁን ፊት ይቧጥጣል፣ እግሩ መሪው ሥር ይራገጣል። ጆሮው ምንም አያስብም። እንዲያ በሆነ ሰዓት ሰው ምንም አያስብም፤ ለዚህ ነው «ወደ ፈተና አታግባን» የምንለው።

የቁንጫ እግር ፍሬኑ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ ቱ…ር… ቱ……ር… ሊጠፋ። እግሩ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ነፍስ ዘራ። እንደገና ተራገጠና ፍሬኑ ላይ ወደቀ። ሞተሩ ታነቀ።

ጆሮው ሰማ። እሱ አይደለም የሰማው ማለት ይቻላል፤ ጆሮው ነው የሰማው። ዕድሜውን ሙሉ ሌላ ሥራ ያልሠራ ጆሮ ነው፣ ጌታውን ሳያስፈቅድ ሰማ። አንገቱ ሰበር አለ። ጣቶቹ ላሉ።

«እግርህ የት ነው?» አለ።

ቁንጫ አየር ሲስብ እንደ ተቀደደ ላስቲክ ፏጨ።

«አንተ ልጅ! እግርህ ምን ላይ ነው ያለው?»

«አን… አንቀኸኝ…» ቁንጫ ሳለ፤ ደም ተፋ። «አንቀኸኝ ስለ እግሬ ትጠይቀኛለህ?»

«ፍሬኗን እርገጣት።»

«እብድ!»

«እርገጣት አልኩህ!»

ረገጣት፤ ምናልባት ፈርቶ፣ ምናልባት እሱም ሰምቶ። ሞተሩ ተንቀጠቀጠና ወረደ።

«ልቀቃት።»

ወጣ።

«እርገጣት።»

ጠፋች። በሩ ጋ ያለው በያጅ እንኳን አፍንጫውን መጥረግ ተወ።

ጆሮው ከወንድሙ ላይ ተነሳና ወደ ኮፈኑ ሄደ። ደሙን ከዓይኑ በክርኑ ጠረገ። «አስነሳት» አለ፤ ቁንጫ ቁልፉን አዞረ። ከነጂው ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ሥር፣ ድስት የሚያህል ክብ ቆርቆሮ አለ፤ ሰርቮ ይሉታል። ነጂው ፍሬን ሲረግጥ ለእግሩ ጉልበት የሚያግዘው እሱ ነው፤ ጉልበቱንም የሚያገኘው በቱቦ ከሞተሩ ትንፋሽ እየሳበ ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር የሞተሩ ትንፋሽ ይበላሻል፤ ሚኒሞው ይወድቃል፤ ፍሬኑም ደረቅ ይሆናል። ጆሮው ጆሮውን አስጠጋ።

«እርገጥ።»

ሽሽሽ… አለ ቆርቆሮው ውስጥ። ሞተሩ ሊጠፋ ተንቀጠቀጠ። ጆሮው ፒንሳ አነሳና ቱቦውን ቆንጥጦ ዘጋው። ሞተሩ ወዲያው ተስተካከለ።

«አሁንስ እየረገጥክ ነው?»

«በሁለት እግሬ ቆሜበታለሁ። ድንጋይ ነው» አለ ቁንጫ። ድምፁ ከታነቀው ጉሮሮ ውስጥ እንደ ሽማግሌ ድምፅ ነበር የወጣው።

ሞተሩ ግን ስፌት መኪና ነው። ቱቦውን ለቀቀው፤ ወደቀ። ቆነጠጠው፤ ተነሳ። ከዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ፈቱት። ማን የትኛውን ብሎን እንደሚይዝ ሳይነጋገሩ፣ ደማቸው በመሣሪያው ላይ እየተንሸራተተ ፈቱት። ሰርቮውን ሲከፍቱት ላስቲኩ እንደ አፍ ተከፍቷል፤ ጠርዙ አርጅቷል፣ ዛሬ የተቀደደ አይደለም።

ጆሮው ላስቲኩን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። «መብራት ላይ»፤ ሳቂታው እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መብራት ላይ ትጠፋለች ነው ያለው። መብራት ላይ የቆመ ሹፌር እግሩ የት ነው? ፍሬን ላይ። እሱ ግን በመጣ ቁጥር «ውረድ» እያለ ወንበሩን ባዶ አድርጎ፣ ኮፈን ሥር ጭንቅላቱን ከትቶ ነው የሚያዳምጠው። ባዶ ወንበር ፍሬን አይረግጥም። አባታቸው በሕይወት ሳለ የታመመች መኪና ስትመጣ አንዱን ልጅ ወንበር ላይ፣ አንዱን ኮፈን ጋ ያቆም ነበር፤ «መኪና የምትታመመው ሰው ሲቀመጥባት ነው» ይል ነበር። ወንድሙን ያባረረ ሰው ወንበሩ ላይ ማንን ያስቀምጣል?

«ሚኒሞውን ስጨምረው ሸፈንኩት» አለ ጆሮው። «በሽታውን ልብስ አለበስኩት። እንዳይታይ አድርጌ እኔው ሸፈንኩት።»

«እኔም ልብሱን ገፈፍኩትና ቁልቁለት ላይ ለቀቅኩት» አለ ቁንጫ። «እኔም ብቻዬን ነበርኩ።»

ይኼኔ ተቃቅፈው ተላቀሱ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ቁንጫ ተነሳ፣ በወደቀው ቆርቆሮ ላይ ተራምዶ ሄደና የጎማ መፍቻውን ከመስታወቱ ስብርባሪ ውስጥ አነሳ። ይዞ መጣ። አንገቱ ላይ አሥሩም ጣት ታትሟል። ታላቁ ፊት ቆመ።

«ወንድምህ ነው!» አለ በያጁ ከበሩ።

ጆሮው ቀና ብሎ አየው። አልሸሸም፣ እጁንም አላነሳም። «ምታ» አለ።

መታው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትከሻው ላይ፣ አጥንቱ ቀጭ ሲል እስከ በሩ ተሰማ። ጆሮው ፊቱን አዙሮ አስመለሰ። ቁንጫ መፍቻውን ወርውሮ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ የተመታው እሱ ይመስል፣ ያን ጊዜ አለቀሰ።

«አሁን ጨረሳችሁ?» አለ በያጁ። «የኔም አፍንጫ ደህና አይደለም፤ ኑ፣ ሐኪም ቤት ሦስታችንም እንሂድ።»

እህታቸው ከባሏ አልጋ አጠገብ ነበረች። ሁለቱ ሲገቡ አየቻቸው፤ አንዱ ትከሻው ተንጋድዶ፣ አንዱ አንገቱ ጠቁሮ፣ ልብሳቸው ደም በደም። ምን ሆናችሁ አላለችም።

«የማን እጅ ነው?»

«የኔ ነው» አለ ጆሮው።

«ሚኒሞዋን ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለ ቁንጫ።

«አንተ ዝም በል።»

«አንተ ዝም በል። እስከ መቼ ነው ዝም የምታሰኘኝ?»

«ልጅት፣ ስሚኝ» አለ ጆሮው። «ባልሽ ደጋግሞ አመጣልኝ፤ እየደጋገምኩ ምንም የላት ብዬ ሰደድኩት። በሽታዋ ፍሬኗ ላይ ነበር። እሱ ፍሬን ይዟል። መኪናዋ ናት ያልያዘችለት። ነገ ለትራፊኩ የኔን ስም ንገሪው።»

የብረት ጆግ ነበር በእጇ። ባሏን በቀሰም ውኃ ልታጠጣበት የያዘችው ነው። ወረወረችው፤ ጆሮው የተሰበረ ትከሻው ላይ አረፈ፤ በጉልበቱ ወደቀ። ከኮሌታው ያዘችና በጥፊ፣ በቡጢ፣ በጫማ፤ አንዱንም ሌላውንም፤ «ጥርሱን መልሱልኝ! ሳቁን መልሱልኝ! ቆርቆሮ ስታቆሙ ምን አልኳችሁ? ምን አልኳችሁ?» ነርሷ ጮኸች፤ አስታማሚው ሁሉ ተነሳ።

ከዚህ ሁሉ መሀል የአልጋው ብረት ኳ! ኳ! ማለት ጀመረ። ሁሉም ዞሩ። ሳቂታው ነው። ብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሽቦና ጀሶ ተጭኖት፣ የቀረችለት ጤነኛ ነገር ቀኝ እግሩ ናት። በእሷ የአልጋውን ብረት ይረግጣል። ይረግጥና፣ በእብጠቱ መሀል በቀረች ስንጥቅ ዓይኑ ያያቸዋል። እንደገና ይረግጣል፤ አጥብቆ፣ ሰው ፍሬን እንደሚረግጥ። እንባው ወደ ትራሱ ይወርዳል። ከገባ ጀምሮ ሲረግጥ ነበር አሉ፤ ነርሶቹ ሕመም መስሏቸው መርፌ ይወጉት ነበር።

እህትየው እጇ ወረደ። ሄዳ እግሩን በሁለት እጇ ያዘች። «ይዘሃል» አለችው። «አውቀናል። ይዘሃል።» ከዚያ ወንድሞቿን ሳታይ፣ «ውጡልኝ» አለች። «ሁለታችሁም። እስክጠራችሁ እግራችሁ ደጄን እንዳይረግጥ።»

ጠዋት ጆሮው እጁ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የተቀደደውን ላስቲክ በፌስታል ይዞ ትራፊክ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። የነዳው ቁንጫ ነው፤ በአንድ እጅ መኪና አይነዳም። አንድ መብራት ላይ ሲቆሙ ጆሮው ሳያስበው የወንድሙን እግር አየ፤ ቁንጫም ሲያየው አየው። ጣቢያው ጋ ቁንጫ እኩል ሊወርድ በሩን ሲከፍት፣ ጆሮው በደህናው እጁ መልሶ ዘጋበትና ብቻውን ገባ። ፖሊሱ ላስቲኩን አገላብጦ አየውና «መኪናዋን ስትሠራት የነበርከው አንተ ነህ?» አለው። «እኔ ነኝ» አለ። ወደ ውስጥ አስገቡት። ቁንጫ ግን ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆመ፤ ሲመሽም በጥፊ ላባረረው ወንድሙ ምሳ ዕቃ በፖሊስ እጅ አስገባለት። ያቺ ሽንኩርት ሻጭም እግሯ ብረት ገብቶለት ተርፋለች፤ ተመስገን ነው፣ ግን ታነክሳለች።

እናንተንም ይጠብቃችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ መኪናችሁን መካኒክ ጋ ስትወስዱ «ትጠፋለች» ብላችሁ ቁልፉን ሰጥታችሁ አትሂዱ። ስትጠፋ እግራችሁ ምን ላይ እንደነበረ ንገሩት፤ እሱ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።